ልጅ ላለው ሽጉጥ ታጣቂ፦ ወገብ ወይስ ቦርሳ? የትኛውስ ካዝና?

በቴክሳስ ግዛት በዳላስና በአካባቢዋ ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ ይዘው እስከ ሌሊት ከሚሠሩ ወገኖቻችን መካከል ሽጉጥ የሚታጠቁ አሉ። ሽጉጡን ለመምረጥ ሳምንት የሚወስድ ሰው ሽጉጡ የሚገባበትን ማህደርና የሚቆለፍበትን ካዝና ባንኮኒው ላይ ያገኘውን አንስቶ ይወጣል። ልጅ ላለን ሰዎች ግን ዋናው ግዢ ያ ነው።

ቦርሳ ምቹ ነው፤ ልብስ አይመርጥም፣ ወገብ አይቆረቁርም። ነገር ግን ቦርሳ ይቀመጣል፤ ጋሪ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ የመኪና ወንበር ላይ። ልጅ ደግሞ ከረሜላ የሚፈልገው እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2014 በአይዳሆ ግዛት አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን የገበያ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሳለ ከእናቱ ቦርሳ ሽጉጥ አውጥቶ ተኮሰ፤ እናቱ ሞተች። ቦርሳው ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ ዚፕ ያለው ኪስ ነበረው። ስለዚህ ቦርሳን ለወላጅ ፈጽሞ አልመክርም።

ወገብ ላይ ከሆነ ምርጫው ቆዳ ወይም ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ቆዳ ለገላ ይለሰልሳል፤ ሲያረጅ ግን አፉ ይላላል፣ ሽጉጡ ሲመለስ የታጠፈው ጫፍ ቃታው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ካይዴክስ ለአንዱ ሽጉጥ ተለክቶ ይሠራል፣ ቃታውን ይሸፍናል፣ ቅርጹንም አይለቅም። እኔ የምመርጠው በመቆንጠጫ (ክሊፕ) ቀበቶ ላይ የሚያዘውን ነው፤ ማታ ሽጉጡን ሳልመዝ ከነማህደሩ አውልቄ ካዝና ውስጥ አስገባዋለሁ። የአምስት ዓመት ልጄ በር ስከፍት ሮጣ መጥታ ወገቤ ላይ ትጠመጠማለች። ቀኝ እጇ የሚያርፈው ልክ ማህደሩ ላይ ነው።

ከካዝናዎች በጣት አሻራ የሚከፈተው ፈጣን ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። በኦክቶበር 2023 በአሜሪካ 61,000 ያህል የዚህ ዓይነት ካዝናዎች ከገበያ እንዲመለሱ ተደርጓል፤ አሻራ ካልተመዘገበባቸው ለማንኛውም ሰው ጣት ይከፈቱ ነበር፣ የ12 ዓመት ልጅ ከእነዚህ ካዝናዎች በአንዱ ከነበረ ሽጉጥ የተነሣ ሞቷል የሚል ክስም ቀርቧል። በጣት በሚጫኑ የቁጥር ቁልፎች የሚከፈቱትና በሜካኒክ የሚሠሩት ካዝናዎች ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ባትሪ የላቸውም፣ በጨለማም በዳሰሳ ይከፈታሉ። ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ፤ ካዝናውንም ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን እሰሩት። ከሽጉጡ ጋር የሚሰጠው የሽቦ ቁልፍ ጥይቱ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ሽጉጥ ይበቃል፤ በየቀኑ ለሚታጠቁት ግን አይሆንም።

ለመኪና በሽቦ ገመድ ከወንበሩ ብረት ጋር የሚታሰረው ትንሽ ሣጥን ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ይሻላል። ቴክሳስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 የሞላና ሕግ ያልከለከላቸው ሰዎች ያለ ፈቃድ እንዲታጠቁ ትፈቅዳለች። የፌዴራሉ ሕግ ግን ከትምህርት ቤት በ1,000 ጫማ ክልል ውስጥ ወይ የግዛቱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ወይ ጥይቱ የወጣ ሽጉጥ በተቆለፈ ሣጥን እንዲሆን ያዛል። ልጅ የሚያደርስ ሰው ፈቃዱን ቢያወጣ ይጠቀማል። በግዛቱ ሕግ ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቸልተኝነት የተተወ የጎረሰ ሽጉጥ ቢያገኝ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

ባለፈው ክረምት ካዝናውን ስከፍት ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ የተጫንኳቸውን ቁልፎች በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ቁጥሩን በዚያው ምሽት ቀየርኩት።