እንጅባራ አካባቢ ያልተገራ ፈረስ ለምትገዙ፦ መጀመሪያ ጋሼን አሳዩ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። በዚያውም አዊ ዞን ውስጥ ገና ያልተገራ ፈረስ ለመግዛት ለምታስቡ ጥቆማ ይሁናችሁ። ሰውየው እንጅባራ አካባቢ የሚኖሩ ፈረስ ገሪ ናቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከክፍያው ልጀምር፣ ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው እሱን ነውና። ደላላ የሚከፈለው ፈረሱ ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ ለደላላ ገበያ የወጣ ፈረስ ሁሉ ጥሩ ነው። ጋሼ የሚከፈላቸው አይተው ስለተናገሩ ብቻ ነው። ገዛህም አልገዛህም ሒሳባቸው ያው ነው፣ ከሻጭ ደግሞ ቡና እንኳ አይጠጡም።

ፈረሱን የፈለግኩት ለአባቴ ነው። አባቴ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል የሚከበርበት ጥር 23 ሲደርስ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። የድሮው ፈረሱ ስላረጀ ከልጅነቱ ጀምሮ በራሱ እጅ የሚያሳድገው አማረው።

ገበያ ላይ ዓይኔ ያረፈው አንድ ዳማ መልክ ያለው ፈረስ ላይ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ደግሞ እርጋታው! ሻጩ «ኮርቻ የሚባል አይቶ አያውቅም» ብሎ ማለ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ተጠግተው ጫንቃው ላይ ያለውን ፀጉር በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ የሳንቲም ስፋት ያላት ነጭ ፀጉር አለች። «ገጣባ ሲድን እንዲህ ነው የሚያበቅለው» አሉኝ፤ ኮርቻ የላጠው ቁስል ማለታቸው ነው። ቀጥለው የከንፈሩን ጥግ ሳብ አድርገው አሳዩኝ፤ ልጓም ያሻከረው ቆዳ ነው። ብብቱ ሥር ደግሞ የደረቀ ላብ ነበር። ያ እርጋታ ለካ ድካም ነው፤ ጠዋት ሲጋልቡት አርፍደው ነው ያመጡት። «ገርተውት እምቢ ያለ ነው ልጄ፣ ሰው መጣል የለመደ ፈረስ ምንም ካልለመደው ይብሳል» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። ሻጩ ተቆጣ፣ ተሳደበም። እሳቸው ከቁብ አልቆጠሩትም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሲያዩ ከጎናቸው ሆኜ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ጥርስ ላይ ብዙ ይዋሻል። የፊት ጥርሶች ሁሉ ትንንሽና ነጫጭ ከሆኑ ገና የወተት ጥርስ ናቸው። ሁለቱ መካከለኞች ወድቀው ትልልቆቹ የሚተኩት ፈረሱ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ሲሆነው ነው፣ ቀጣዮቹ ሦስት ተኩል ላይ፣ የዳሮቹ አራት ተኩል ላይ። «አራት ዓመቱ ነው፣ ዛሬውኑ ጫነው» የተባልኩት አንዱ ፈረስ መካከለኞቹን ገና እየቀየረ ነበር። እንዲህ ባለው ላይ ሰው ከወጣ ጀርባውም ጉልበቱም ይጎዳል።

እግሩን ለማየት ደረቅ መሬት ላይ ሶምሶማ ያስመታሉ፣ በቀኝም በግራም ያዞሩታል። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ቀና ያደርጋል፤ አንዴ ካሳዩህ በኋላ አይጠፋህም። ሲቆም ትንፋሹን ያዳምጣሉ፣ ካሳለ አይነኩትም። አንገቱንና የእግሩን ውስጠኛ ክፍል በመዳፋቸው ቀስ ብለው ይዳስሳሉ። በመስመር የተደረደሩ እባጮች ካገኙ ዋጋ እንኳ አይጠይቁም፤ ያ የጋሪ ፈረሶችን የሚጨርሰው፣ እየፈነዳ መግል የሚያወጣው በሽታ ነው፣ ለሌሎቹም ይተርፋል። ወንድ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን ያያሉ፣ አለበለዚያ በኋላ ማኮላሸቱ ጣጣ አለው።

ጠባዩን የሚያዩት ደግሞ በጋቢያቸው ነው። ትንሽ ራቅ ብለው ያራግፉታል። ሁሉም ይደነግጣል፣ ያ ችግር የለውም። ደንግጦ ሸሽቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ጆሮውን ቀስሮ ሊያሸት የሚመለሰውን ይወዱታል። ቂጡን አዙሮ ለእርግጫ የሚዘጋጀውን ግን «ለሌላ ሰው ይሁን» ይላሉ።

በመጨረሻ የመረጡልኝ መልኩ እዚህ ግባ የማይባል መጋላ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ቤት ድረስ ሄደን እናቲቱን ባዝራም አየናት፤ ልጆች ሥሯ ሲሯሯጡ ንቅንቅ አትልም። ዋስና ደረሰኝ ሳይያዝ ብር እንዳልከፍልም ያስጠነቀቁኝ እሳቸው ናቸው፣ የተሰረቀ ከሆነ መዘዙ ለገዢ ነውና። ክትባቱን የወረዳው እንስሳት ጤና ባለሙያ ጨረሰልን፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች ስለሚተላለፍ በተለይ ክረምት ሲወጣ አደገኛ ነው፣ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል።

አሁን መጋላው ግላስ፣ ማለትም ጀርባው ላይ የሚጣለውን ጨርቅ፣ ለብሶ መሄድ ለምዷል። ኮርቻ ገና ነው፣ ለዘንድሮ ጥር 23 አይደርስም፣ አባቴም አልቸኮለም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ!

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ከገበያ ቀን በፊት ደውሉላቸውና በጠዋት ሂዱ፤ አመሻሽ ላይ የተጋለበ ፈረስ እዩልኝ ብትሏቸው አይመጡም።