ባሕር ዳር ላይ የኔትወርክ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ቀበሌ 14 አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። በአደባባይ ሊመሰገን ስለሚገባው ነው የምጽፈው።

ፔዳ አካባቢ ማተሚያ ቤት አለን። ዲዛይኑ ፎቅ ላይ፣ ህትመቱ ምድር ቤት ነው የሚሠራው። ፎቅ ላይ ዋይፋይ አልደርስ ሲል ሁለተኛ ራውተር ተገጠመልን። ከዚያ ወዲህ የህትመቱ ኮምፒውተር የዲዛይኑን ፎልደር አልከፍትም አለ። ኢንተርኔቱ ግን ሁለቱም ጋ ይሠራል። ጊዜው ደግሞ የምረቃ ሰሞን ነው። ልጆቹ ፍላሽ ይዘው ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል። የጠራነው ሌላ ባለሙያ "ፋየርዎሉን (የኮምፒውተሩን መከላከያ) አጥፉት፤ ካልሆነ ፎርማት ይደረግ" ብሎን ሄደ።

ይሄኛው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ምንም አልነካም። የሁለቱን ኮምፒውተሮች አይፒ (ኔትወርኩ ላይ ያላቸውን የቁጥር አድራሻ) አይቶ ወረቀት ላይ ጻፈ። የታችኛው በ192.168.1፣ የላይኛው በ192.168.0 ይጀምራል። "እትዬ፣ ኮምፒውተሮቹ ደህና ናቸው። ሁለት ኔትወርክ ላይ ስላሉ ነው" አለኝ።

ኮምፒውተሮች በስም የሚፈላለጉት እየተጣሩ ነው፤ ጥሪው ደግሞ ራውተር አያልፍም። በዚያ ላይ የላይኛው ራውተር ከኋላው ያሉትን ይሸፍናል። በአይፒ ሲሞክረው ከላይ ወደ ታች ገባ፣ ከታች ወደ ላይ ግን እምቢ አለ። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

የላይኛውን ራውተር አድራሻ ቀየረ፣ አይፒ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጠፋ፣ ገመዱን ከዋን (ከውጭ መስመር መሰኪያው) ነቅሎ ላን (የውስጥ ኔትወርክ መሰኪያው) ላይ ሰካው። አሁን አይፒ የሚያድለው የታችኛው ብቻ ነው። ለዲዛይኑ ኮምፒውተር የማይቀያየር አይፒ ሰጠው፣ ዊንዶውስ ላይ ፐብሊክ (የማይታመን) ተብሎ የነበረውን ኔትወርክ ፕራይቬት (የሚታመን) አደረገው። ፎልደሩ ተከፈተ።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ጥንቃቄው ነው። ፋየርዎሉን አላጠፋም። የድሮውን የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ስልት፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ እንዳንከፍትም አስጠነቀቀን፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ብዙ ድርጅት ያመሰው በእሱ ክፍተት ገብቶ ነው።

አንዳንድ ቢሮ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉን ኔትወርክ ለይቶ ማቆየት ይፈልጋል። ለዚህም መላ አለው። ራውተሮቹ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ እንዲያውቁ ይደረጋል፤ ፎልደሩም በአይፒ ይጠራል። የዊንዶውስ ፋየርዎል በፕራይቬት ኔትወርክ ፋይል ሼሪንግን የሚፈቅደው ለራሱ ሰብኔት (የአይፒ መነሻቸው አንድ ለሆነ ኮምፒውተሮች) ብቻ ስለሆነ፣ ሌላኛው ሰብኔት ተለይቶ ይጨመርበታል። ሁሉንም ክፍት ማድረግ አያስፈልግም።

ዋጋውን የነገረን ሥራ ሳይጀምር ነው። ሲጨርስ የቀየረውን ሁሉ ጽፎ ራውተሩ ላይ ለጠፈልን። ክሊኒክ፣ ፔንሲዮን፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ በሙሉ እምነት ጥሩት። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።