ባለ 6+12+6 ሎው-ኢ መስታወት፦ አዲስ አበባ ላይ የሚያዋጣውና የማያዋጣው

ለትልልቅ ሕንፃዎች ከርተን ዎል (ሕንፃውን ከውጭ ለሚሸፍነው የመስታወት ግድግዳ) አሁን አሁን የሚቀርበው ባለ ሁለት ንብርብር ሎው-ኢ፣ ማለትም ሙቀት የሚመልስ በጣም ስስ ሽፋን ያለው መስታወት ነው፤ ሁለት ባለ 6 ሚሊ መስታወት፣ መሃላቸው 12 ሚሊ ክፍተት። ጎረቤትን ከሚያንጸባርቀው ነጠላ ሰማያዊ ሪፍሌክቲቭ በብዙ ይሻላል። ችግሩ ሻጩ የሚያሞግሰውና እኛ የምንፈልገው አለመገናኘታቸው ነው።

ሻጭ ቀድሞ የሚጠራው ዩ-ቫልዩን ነው፤ በውጭና በውስጥ የሙቀት ልዩነት ምክንያት በመስታወቱ የሚያልፈውን ሙቀት የሚለካ ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ይሻላል። ነጠላ መስታወት 5.7 ገደማ፣ ተራ ደብል 2.7 ገደማ፤ ሎው-ኢና አርጎን (ክፍተቱ ውስጥ የሚሞላ ጋዝ) ሲጨመርበት ከ1.5 በታችም ይወርዳል። ይህ ክረምቱ በረዶ ለሆነ አገር ነው። እዚህ የሚያስቸግረው በመስታወቱ ዘልቆ የሚገባው ፀሐይ ስለሆነ መጠየቅ ያለበት ኤስ.ኤች.ጂ.ሲ. (ከፀሐዩ ሙቀት ምን ያህሉ እንደሚገባ የሚነግረው ቁጥር) ነው። ተራ ደብል 0.7 ገደማ ነው፤ ከፀሐዩ ሙቀት 70 በመቶው ይገባል ማለት ነው። ጥሩ ሶላር ኮንትሮል ሎው-ኢ ቤቱን ሳያጨልም ወደ 0.3 ያወርደዋል። የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብሎ ለሚመታው ምሥራቅና ምዕራብ ገጽ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ አይወሰድ።

አርጎኑ ይቅር። ባሕር ጠለል አጠገብ የታሸገ መስታወት ውስጡ 100 ኪሎፓስካል ገደማ ግፊት ይዞ ይመጣል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የውጭው ግፊት 76 ገደማ ነው። ሆዱ ይነፋል፤ ነጸብራቁ ይጣመማል፣ የጠርዙ ማሸጊያ ይላቀቃል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ስፔሰሩ (ሁለቱን መስታወት ጠርዝ ላይ የሚያራርቀው ዘንግ) ላይ የሚገባ እንደ መርፌ የቀጠነ ካፒላሪ ቱቦ ነው። ቱቦው ክፍት ከሆነ ደግሞ አርጎን አይቆይም፤ ሁለቱንም አስከፍሎ የሚሸጥ ሰው በገንዘብዎ አየር እየሸጠልዎ ነው። እዚሁ ከተማ የታሸገ ይህ ጣጣ የለበትም።

ሳይት ላይ ሲራገፍ ላይተር ለኩሶ በውጭው ፊት በኩል ማስጠጋት ነው። አራት ነበልባል ይታያል፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ። ቀለሙ የተለየው ሽፋኑ ያለበት ነው፤ ከውጭ ሲቆጠር ሁለተኛው መሆን አለበት። ሦስተኛው ከሆነ ተገልብጧል፤ የውስጠኛው መስታወት ግሎ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቃል። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ሎው-ኢ አይደለም።

ከውጭ ፍሬም በሌለው አገጣጠም የጠርዙ ሁለተኛ (የውጭኛው) ማሸጊያ ሲሊኮን ይሁን። ሌላውን የማሸጊያ ዓይነት፣ ፖሊሰልፋይድን፣ ፀሐይ ትበላዋለች፤ ከዚያ እርጥበት ገብቶ መሃሉ ይጨፈግጋል፤ መጥረግ አይቻልም፣ መቀየር ብቻ ነው። 1.5 በ3 ሜትር የሆነው አንዱ ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት ብቻ 135 ኪሎ ስለሚመዝን ቅየራው ክሬን ይጠይቃል። መለዋወጫ መስታወት ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ጋር ይምጣ፤ ከሌላ ዙር ምርት የመጣ ሽፋን ቀለሙ ላይገጥም ይችላል።