750 ዋት አዳማ ላይ፦ ኮርሴር አርኤም750ኢ ፓወር ሰፕላይ

መጀመሪያ መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። አዳማ የሚኖር ሰው ኮምፒውተሩ ድርግም ሲል ሌላ ነገር አያስብም። ግን አምፖሉ በርቷል። ስክሪኑም በርቶ “ሲግናል የለም” ይላል። የጠፋው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። አስነስቼ ጌሙ ውስጥ ከበድ ያለ ቦታ ስደርስ ደግሞ ያው፣ ድርግም!

ፍራንኮ አካባቢ በተከራየሁት ቤት ያለው ይሄ ኮምፒውተር ቀን ቀን የሠርግ ቪዲዮ ይሠራል፣ ማታ ማታ ጌም ያጫውተኛል። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የሰው ሠርግ ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣቱ) ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማሽኑ ሲጠፋ ደም ብዛት ያመጣል።

ጣጣው የጀመረው ያገለገለ አርቲኤክስ 3070 ግራፊክስ ካርድ ከገባ በኋላ ነው። ካርዱ 220 ዋት ይበላል። የካርዱ ኩባንያ ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለው ሳጥን) ይመክራል። ከኬዙ ጋር የመጣው አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ከሥር በደቃቁ የተጻፈው ላይ ነው፦ 12 ቮልት፣ 25 አምፔር። 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት። ግራፊክስ ካርድም ፕሮሰሰርም የሚመገቡት በዋናነት ከዚህ ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። የእኔ ፕሮሰሰር፣ ራይዘን 5 5600፣ ሲጨነቅ እስከ 76 ዋት ይወስዳል። ከካርዱ ጋር 296። ፋኑና ሌላው ኮተት ገና አልተቆጠረም።

በዚያ ላይ የ3070 ትውልድ ካርዶች አንድ አመል አላቸው። በስማቸው የተጻፈው 220 ይሁን እንጂ ለሚሊ ሰከንዶች ከዚያ በጣም ዘለው ይሄዳሉ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ይህን ዝላይ ሲያይ ራሱን ያጠፋል። ለዚህ ነው ቀላል ጌም ሲጫወቱ ምንም የማይሆነው፣ ከባዱ ላይ ድርግም የሚለው።

ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ሱቆችን ዞርኩ። አንዱ ጋ ልጁ ከመደርደሪያ አውርዶ “ብራዘር፣ ይሄ 700 ዋት ነው፤ ምንም አይልህም” አለኝ። ሳነሳው ባዶ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የምትል፣ ቮልቱ በእጅ የሚመረጥባት ቀይ ማብሪያ አለችው። 12 ቮልቱ ላይ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ጭራሽ አልተጻፈም። አመስግኜ ወጣሁ። በመጨረሻ አርኤም750ኢውን አዲስ አበባ፣ መገናኛ ካለ ሱቅ አስልኬ በሚኒባስ መጣልኝ። ስገዛው ዋጋው ከ20 ሺህ ብር በላይ ነበር። ያማል፤ አልዋሽም።

አሁን ወደ ዕቃው። ይሄኛው በ12 ቮልት መስመሩ 62.5 አምፔር ይሰጣል። አባዙት፤ ልክ 750 ዋት ነው። የተጻፈውና ያለው አንድ ነው ማለት ነው። የእኔ ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለውን ደረጃ የሚያሟላው ነው። ይህ ደረጃ ፓወር ሰፕላዩ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የስሙን እጥፍ እንዲችል ያስገድዳል። የካርዱን ዝላይ የሚችለው በዚህ ነው።

ኬብሎቹ ሁሉም ይነቀላሉ። የማያስፈልገውን ካርቶኑ ውስጥ ትታችሁ የምትፈልጉትን ብቻ ትሰካላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም ልብ በሉ፦ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል ልኩ ቢገጥም እንኳ አትሰኩ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አሰላለፍ ከብራንድ ብራንድ ይለያያል። ማዘርቦርድና ሃርድ ዲስክ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ካርዴ ሁለት ባለ 8 ፒን ቀዳዳ ስላለው ለእያንዳንዱ የራሱን ኬብል አስገባሁ። አንድ ባለ 8 ፒን እስከ 150 ዋት ነው የሚሸከመው፤ አንዱን ኬብል ከፍሎ ሁለቱንም ማጠጣት አልወድም።

ፋኑን ወደ ታች አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ኬዜ ከሥር የአቧራ ማጣሪያ አለው። የአዳማን አቧራ ለምታውቁ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ነፋስ በሚበዛበት ሰሞን ማጣሪያውን ካላራገፉ ሱፍ የለበሰ ነው የሚመስለው። ኬዙ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ፋኑ ወደ ላይ ቢዞር ይሻላል። ደግሞ ፋኑ ባይዞር አትደንግጡ። ጭነቱ ቀላል ሲሆን ጭራሽ ይቆማል፤ አሠራሩ ነው።

ውጤቱስ? ድርግም ማለቱ ቀርቷል። ከባዱ ጌምም፣ ረጅሙ ኤክስፖርትም ያልፋል። ያልጠበቅሁት ጥቅም ደግሞ ምሽት ላይ መጣ። አከራዬ የእንጀራ ምጣዱን ሲሰኩ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ይላል። አሮጌው ያኔ ይንጫጫ ነበር። ይሄኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሱ እያስተካከለ ስለሚቀበል ምጣድ ተሰካ አልተሰካ ግድ የለውም።

አከራዬ ግን ካርቶኑን አይተው ሥጋት ገባቸው። “ልጄ፣ 750 ነው የሚለው? ቆጣሪውን ልትጨርሰው ነው?” “አይ እትዬ፣ እንዲያውም ይቀንሳል” አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን እውነት ነው። 750 የሚችለው ነው እንጂ የሚበላው አይደለም። የእኔ ማሽን በሙሉ ጭነት 350 ዋት ገደማ ነው የሚፈልገው። ፓወር ሰፕላዩ ያለው ኤይቲ ፕላስ ጎልድ የሚባል የቁጠባ ደረጃ፣ በግማሽ ጭነት ከግድግዳው ከሚስበው ቢያንስ 90 ከመቶውን ሥራ ላይ ያውላል ማለት ነው። ስለዚህ 350 ለመስጠት ከግድግዳው 390 አካባቢ ይስባል። 75 ከመቶ ብቻ የሚያውል ርካሽ ዕቃ ቢሆን 467 ይስብ ነበር። ልዩነቱ ክፍሉን የሚያሞቅ ሙቀት ነው፤ ለአዳማ ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት አንፈልግም።

የማይፈታውን ልንገራችሁ። መብራት ሲሄድ ያው መሄዱ ነው። ከከተማው ዳር ያሉት የአዳማ 1 እና የአዳማ 2 የነፋስ ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እነሱ እየተሽከረከሩ እኛ ሻማ እንፈልጋለን። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዕቃ) የግድ ነው። እሱንም ስትገዙ ቪኤውን (ቮልት-አምፔሩን) ሳይሆን ዋቱን እዩ። ባለ 650 ቪኤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ጌም መሃል ላይ ጮሆ ይተኛል።

ሌላው ዋስትናው ነው። ፋብሪካው 7 ዓመት ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን በሻንጣ የገባ ዕቃ ቢበላሽ አዳማ ላይ ለማን ይሰጣል? ስለዚህ ከሱቁ ቢያንስ የአንድ ወር የመለወጫ ቃል በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ይህን እምቢ የሚል ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ እዩ።

ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ካርዳችሁ ጂቲኤክስ 1650 ከሆነ አብዛኛው ዓይነቱ 75 ዋት ብቻ ነው፤ ያንን ከማዘርቦርዱ ያገኛል። ለእሱ 20 ሺህ ብር አታውጡ፤ ሐቀኛ የሆነ ባለ 450 ዋት በቂ ነው። ሐቀኝነቱን ለማወቅ 12 ቮልቱ ላይ የተጻፈውን አምፔር በ12 አባዙ። ከ400 በታች ከመጣ መልሱለት።