ጸጥታና ፈጢራ፦ የከዚራ ጠዋት

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። የባሕር ጠረፍ ከተማ ጠባይ ግን አላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ታጥቦ፣ ለባብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነፋስ ሊቀበል ይወጣል። ሙዚቃው፣ ጨዋታው፣ የባጃጁ ጥሩምባ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ስለ ድሬ ሲወራ የሚነሳው ይሄ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ሰዓቷ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚራ በሚባለው የድሮ ሰፈሯ ውስጥ በእግር ስለ መሄድ፣ ከዚያም ተርቦ አንድ ፈጢራ ቤት ስለ መድረስ።

አብረውኝ የነበሩት አጎቴ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቁርስ ልጋብዝዎት ስላቸው፣ “እሺ፣ ግን ከለገሃር ተነስተን በእግራችን ነው” አሉኝ። ባጃጅ አይታሰብም።

በዚያ ሰዓት ከዚራ የከተማ መሃል አይመስልም። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ቆሞ ሌላው ጫፍ ይታያል። ዛፎቹ ከወዲህና ከወዲያ ተገናኝተው ጣራ ሠርተዋል። ግንቦት ስለነበር የድሬዳዋ ዛፍ አብቧል፤ አስፋልቱ ላይ ቀይ አበባ ተነጥፏል፣ ገና አልተጠረገም። ያረጁት ቤቶች በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው ረጅም ነው፤ ሙቀት እንዲያስተነፍሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አንድ ሰው በራፉን ውሃ ይረጫል። ሌላ ድምፅ የለም።

ጋሼ እየሄዱ ያወራሉ። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው ግን ለባቡር አልመች አለ። ስለዚህ ጣቢያው ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ፈረንሳዮቹ ከዚራን በመስመር ለክተው ሠሩ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በነዋሪው ልክ፣ ጠመዝማዛ ሆኖ አደገ። “እኛ ባሕሩን በባቡር አመጣነው” ይላሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። የመኑ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ጣሊያኑ በዚያ መስመር መጥተው እዚህ ጎጆ ቀልሰዋል። ለገሃር የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። አሁን አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የድሮው ጣቢያ አካባቢ የሚሰማው ጸጥታ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። ጋሼ በሩ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸው ቀነሰ። ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን። “ቦንዡር!” አሏቸው ጋሼ። “ሳ ቫ?” መለሱ ሰውዬው። ሁለቱም ባቡር ያስተማራቸው ፈረንሳይኛ ነው።

ፈጢራ ቤቱ ከዚራ አልቆ ወደ ደቻቱ ሲቃረቡ ነው። ታፔላ የለውም። ስድስት የፕላስቲክ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ምጣድ፣ አንድ ወጣት፣ ከኋላ ሻይ የምታፈላ እናቱ። ደረስን፤ ልጁ ጋሼን “አንተ፣ ዛሬ ዘገየህ አቦ!” አላቸው። እኔ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ደነገጥኩ። ጋሼ ሳቁ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ “አንተ” ሲሉህ ንቀት አይደለም፣ ቤተሰብ ነህ ማለታቸው ነው። ሁለተኛ ቀን ላይ እኔም ለመድኩት።

አሁን ወደ ፈጢራው። ምግቡን ከማዘዛችሁ በፊት ምጣዱ ጋ ቆማችሁ እዩ። ልጁ ዘይት ውስጥ ያደረ ሊጥ ያነሳል፤ የጡጫ ያህል ድቡልቡል ነው። ዘይት የጠጣ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፈዋል። በመዳፉ ይጫነዋል። ከዚያ ጠርዙን ይዞ ያወዛውዘዋል። ሊጡ አየር ላይ ይከፈታል፣ ሲያርፍ ጧ ይላል። ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ በጣቶቹ ጫፍ ዙሪያውን ይስባል፤ በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ የጠረጴዛው ጭረት ከሥሩ ይታያል። አይቀደድም። ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የተመታ እንቁላል መሃሉ ላይ ያፈስና አራቱን ጠርዝ እንደ ፖስታ ያጥፈዋል። ቀጥሎ ምጣድ። ሲገላብጠው ወርቅማ ነው፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ነጥብ አለው።

በቢላ ቆራርጦ፣ ማር አፍስሶበት ያመጣዋል። እንቁላልና ቃሪያ ከማር ጋር ሲባል ግራ የሚገባው ሰው አለ። እባካችሁ አትፍሩ። ጠርዙ ይሰባበራል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው፤ ቃሪያው ምላስ ላይ ብቅ ሲል ማሩ ደርሶ ያበርደዋል። ጣት ይቃጠላል፣ ግን መጠበቅ አይቻልም። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት አንድ ትልቅ ሆቴል ፈጢራ አዝዤ ነበር፤ ቀድሞ ተሠርቶ የተሞቀ ነበርና እንደ ቆዳ ተጎተተብኝ። ያ ፈጢራ ነው ብዬ ወደ ቤቴ ብመለስ ኖሮ በጣም አዝን ነበር።

ሻሂው ወተት ያለው ነው። ሄልና ቅርንፉድ ይሸታል። ስኳሩ ቀድሞ ገብቶበታል፣ ለእኔ በዝቷል፤ “ስኳር ቀነስ” ካላችሁ እናትየው ለብቻ ታፈላላችኋለች። ፉሉን አልወደድኩትም። ባቄላው ጥሩ በስሏል፣ ከሙኑም ደስ ይላል፣ ጨው ግን በዝቶበታል። ሁለተኛ ቀን ስሞክረውም እንደዚያው ነው። ፉል ፈላጊ መጋላ ይሻገር። ለሁለት ሰው ሁለት ፈጢራ፣ አንድ ፉል፣ አራት ሻሂ፤ 400 ብር አልሞላም።

ስንቀመጥ አንድ ነገር አየሁ። ጋሼ ወንበራቸውን አነሱና አዞሩ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም ይሻገረዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ሌሊት ሞልቶ መጣና ብዙ ሰው ወሰደ፣ ብዙ ቤት ጠረገ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ጀርባቸውን ለደቻቱ ሰጥተው አይቀመጡም። አሸዋውን እያዩ ነው የሚበሉት። ልጁም ያውቃል፤ ሰሃኑን ወደ ዞሩበት አመጣላቸው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ሊጡ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ ከዚያም ቀደም ይላል። ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይዋ ጠረጴዛዎቹ ላይ ትወርዳለች፣ ጥላም የለም። ወረፋ አለ፤ እኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀናል። በመኪና አትሂዱ። ያንን ጥላ፣ ያንን ቀይ አበባ ሳይረግጡ ቀጥታ ምጣዱ ጋ መውረድ የጠዋቱን ግማሽ መተው ነው። ሆድም ባዶ ሆኖ ሲደርስ ይሻላል።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። ልጁ ሳላዝ “የማር ነው አይደል?” አለኝ። ከዚያ ከኋላዬ ተመለከተ።

“ሽማግሌውስ?”

“ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ቀሩ። አንድ ጠቅልልልኝ፣ እወስድላቸዋለሁ።”

እጁ ሊጡ ላይ እንዳለ ራሱን ነቀነቀ።

“ይቀዘቅዝበታል አቦ። አልጠቀልልም። ሲሻለው ይዘኸው ና።”