ሲዲዎችን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፦ አንዴ ሠርቶ ለመገላገል የቱ ይሻላል?

መደርደሪያ ሙሉ ሲዲ ያለው ሰው ሙዚቃውን ከኮምፒውተር መስማት ሲያምረው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ልግዛ?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ውዱ ነገር ዕቃው ሳይሆን ጊዜያችሁ ነው። ሲዲውን ማስገባት፣ እስኪነበብ መጠበቅ፣ የዘፈኖቹን ስም ማስተካከል፣ አውጥቶ ቀጣዩን ማስገባት። ይህ በ300 ሲዲ ሲባዛ የብዙ ምሽት ሥራ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ሁሉንም የማወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፦ ከዓመታት በኋላ "እንደገና ከዜሮ ልጀምር" የማያሰኘው የትኛው ነው?

ፎርማት፦ ፍላክ፣ አላክ፣ ዋቭ ወይስ ኤምፒ3?

ፎርማት ማለት ድምፁ በፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ ነው፤ በኋላ የሚያስቆጭ ምርጫ የሚደረገውም እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሲዲ ላይ ያለው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ይይዛል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ቻናል አለው። ሲሰላ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። የ50 ደቂቃ አልበም እንግዲህ 530 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ዋቭ ይህንን እንዳለ ያስቀምጠዋል። ፍላክ እና አላክ ያጭቁታል፤ ሲከፈት ግን አንድ ቢት እንኳ ሳይጎድል ተመልሶ ይመጣል። ያው አልበም በፍላክ 300 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ እንደ ሙዚቃው ከዚያ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ኤምፒ3 ግን በከፍተኛው መጠኑ፣ ማለትም በሰከንድ 320 ኪሎቢት፣ 120 ሜጋባይት ላይ ያቆመዋል። ይህን የሚያደርገው ጆሮ ብዙም አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ድምፅ ቆርጦ በመጣል ነው።

እውነቱን እንነጋገርና፣ በደንብ የተሠራ የ320 ኤምፒ3ን ከዋናው ለይቶ ማወቅ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ፍላክ ምረጡ የምላችሁ ልዩነቱን ትሰማላችሁ ብዬ አይደለም። ምክንያቱ ሌላ ነው። ነገ ሌላ ፎርማት ብትፈልጉ፣ ለስልካችሁ አነስ ያለ ፋይል ቢያስፈልጋችሁ፣ ከፍላክ የፈለጋችሁትን ማውጣት ትችላላችሁ። ኤምፒ3ን ወደ ሌላ የሚቆርጥ ፎርማት ስትለውጡት ግን ከተቆረጠው ላይ እንደገና ይቆረጣል። የተፈጨ ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንም። ያኔ መፍትሔው ሲዲዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ማስገባት ብቻ ነው።

ቦታ ይፈጃል የሚለው ስጋትም ዛሬ አይሠራም። 300 አልበም በፍላክ 90 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ በኤምፒ3 ደግሞ 36። ልዩነቱ 54 ጊጋባይት ነው። አሁን ገበያ ላይ ባለ ሃርድ ዲስክ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ታዲያ ዋቭ ለምን አይሆንም? የድምፅ ጥራቱ ከፍላክ ጋር ፍጹም እኩል ነው። ግን ስለ አልበሙ፣ ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ሽፋኑ ምስል የምትጽፉለትን መረጃ ብዙ ማጫወቻዎች ከዋቭ ላይ በትክክል አያነቡም። ቦታውም እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ፍላክ አንድ የምወድለት ነገር አለው፤ የዋናውን ድምፅ ማረጋገጫ ቁጥር በራሱ ፋይል ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ ፋይሉ መበላሸት አለመበላሸቱን በዚህ ቁጥር መፈተሽ ይቻላል። ዋቭ ይህ የለውም።

አላክ የአፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ በ2011 ኮዱ ለሁሉም ተለቀቀ። ቤታችሁ ያለው ሁሉ አይፎንና ማክ ከሆነና የአፕልን የሙዚቃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ አላክ ይሻላችኋል፤ ፕሮግራሙ ፍላክን ወደ ስብስቡ አይቀበልምና። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ ብትሳሳቱም ጉዳት የለውም። ፍላክን ወደ አላክ፣ አላክን ወደ ፍላክ መለወጥ ምንም አያስቀንስም። የመለወጫ ፕሮግራም አስነስታችሁ ትተኛላችሁ፤ ጠዋት አልቆ ታገኙታላችሁ። ለሌላው ሰው ሁሉ ግን ፍላክ። ከ2001 ጀምሮ አለ፣ ክፍት ነው፣ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም፣ በ2024 ደግሞ ይፋዊ የኢንተርኔት ደረጃ ሆኗል።

የፍላክ የመጨመቂያ ደረጃ ከ0 እስከ 8 ስላለው ብዙ ሰው ይጨነቃል። አትጨነቁ፤ ድምፁ በሁሉም ያው ነው፤ የሚለያየው የፋይሉ መጠንና የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። 5 ላይ ተዉት።

የመገልበጫ ፕሮግራም

ሲዲ ማንበብ ፋይል ከፍላሽ ላይ ኮፒ እንደማድረግ ቀላል አይደለም። የሙዚቃ ሲዲ ለዳታ ከተሠራው ሲዲ ያነሰ የስህተት ማረሚያ ነው ያለው። ድራይቩ፣ ማለትም ሲዲውን የሚያነበው መሣሪያ፣ ጭረት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስና ማረም ሲያቅተው፣ የጎደለውን ከጎኑ ካለው ድምፅ ገምቶ ሊሞላው ይችላል። ለእናንተም ምንም አይነግራችሁም። ፋይሉ ይወጣል፣ ይጫወታል፤ ከወራት በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙ "ጠቅ" የሚል ነገር ይመጣል። ጥሩ ፕሮግራም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የተጠራጠረውን ቦታ ደጋግሞ ያነባል። ሲጨርስም ውጤቱን አኪዩሬትሪፕ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ሌሎች ሰዎች ከዚያው ሲዲ ካገኙት ጋር ያመሳክራል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች በየራሳቸው ድራይቭ አንብበው ያው የማረጋገጫ ቁጥር ከወጣላቸው፣ ቅጂው ልክ ነው ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

በዊንዶውስ ላይ ትልቁ ፉክክር በሁለት መካከል ነው። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ነፃ ነው፣ ለረጅም ዓመታት የተፈተነ ነው፣ በጥንቃቄ ረገድ የሚታማ አይደለም። ግን መጀመሪያ ማስተካከሉ ያደክማል፤ መስኮቱም ያረጀ ነው። ዲቢ ፓወርአምፕ ይከፈልበታል። በምትኩ ሥራው ይፈጥናል፣ የዘፈን ስሞችን ከብዙ ምንጮች አምጥቶ ያስተያያል፣ ማክ ላይም ይሠራል። በቅጂው ትክክለኛነት አንዱ ከሌላው ይበልጣል አልልም። ሃምሳ ሲዲ ካላችሁ ነፃው ይበቃችኋል። ብዙ መቶ ካላችሁ ግን እኔ ብሆን እከፍላለሁ። በእያንዳንዱ ሲዲ ላይ የምታተርፉት ደቂቃ ሲደመር የክፍያውን ዋጋ ይመልሳል።

ማክ ላይ ኤክስኤልዲ ነፃ ነው፤ አኪዩሬትሪፕንም ይጠቀማል። ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ ዊፐር አለ፤ ትእዛዝ እየጻፉ መሥራት ለለመደ ሰው ጥሩ ነው።

ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚመጡትስ? የአፕል የሙዚቃ ፕሮግራምም ሆነ የዊንዶውስ ማጫወቻ ሲዲ ይገለብጣሉ፤ ቀላል ናቸው። የአፕሉ "የስህተት ማረሚያ" የሚል ምርጫ ስላለው እሱን አብሩት። ሁለቱም ግን ቅጂውን ከሌሎች ሰዎች ቅጂ ጋር አያመሳክሩም። ጭረት ለሌለው ጥቂት ሲዲ ይሆናሉ። ለሙሉ ስብስብ አልመክራቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲዲያችሁ በጥቂት ቅጂ የታተመ ከሆነ ቋቱ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ይህ ማለት ቅጂው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሁለት ጊዜ ገልብጡትና የማረጋገጫ ቁጥሮቹን አስተያዩ፤ ሌላ ድራይቭ ካለ ሁለተኛውን በእሱ አድርጉት። ከተመሳሰሉ ጨርሳችኋል።

ድራይቭ

ምርጫው በሁለት ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካው ቀጭኑ፣ ወይም ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገጠመው ሙሉ መጠን ያለው። ቀጭኑ ለላፕቶፕ ይመቻል፣ ቦታ አይወስድም፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ትልቁ በአብዛኛው ይፈጥናል፤ በመያዣ ሣጥን አድርጎ በዩኤስቢ መጠቀምም ይቻላል። ሲዲው ብዙ ከሆነ ትልቁን ግዙ። ዲቪዲ ወይም ብሉሬይ ድራይቭም ሲዲ ያነባል፤ ያለውን ከመጣል በፊት ሞክሩት። ቀጭኑን ስትጠቀሙ በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፤ ኃይል ሲያንሰው ማንበብ ያስቸግረዋል። ትንንሾቹ የ8 ሴንቲሜትር ሲዲዎች ካሏችሁ ደግሞ ሲዲውን ስቦ የሚያስገባውን ዓይነት ተዉት፤ ተንሸራታች ሳህን ያለው ይሻላል።

አንዱ ድራይቭ እምቢ ያለውን ሲዲ ሌላው አንብቦት ቁጭ ይላል። ስለዚህ አንድ ውድ ድራይቭ ከመግዛት የተለያየ ሥሪት ያላቸው ሁለት ርካሽ ድራይቮች ቢኖሯችሁ እመርጣለሁ።

ራስ መሥራት፣ ማሠራት ወይስ ዝግጁ ማሽን?

ሲዲ ሲያስገቡበት ራሱ ገልብጦ፣ ስም ሰጥቶ፣ አስቀምጦ የሚያጫውት ማሽን አለ። ብሬናን እና ኢኑኦስ የሚሠሯቸው ይጠቀሳሉ። ኮምፒውተር መነካካት ለማይወድ ሰው እረፍት ነው። የምትከፍሉት ግን ለምቾት ነው፤ ከተራ ላፕቶፕ የሚወጣው ፍላክ በጥራት ያው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ፋይሎቹን ሌላ ዲስክ ላይ በቀላሉ ኮፒ ማድረግ ይቻላል? መልሱ "አይ" ከሆነ ተዉት፤ ማሽኑ ሲበላሽ ስብስባችሁም አብሮ ይሄዳል።

ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማስገልበጥም አለ። ጊዜ ለሌለው፣ ገንዘብ ላለው ይህ ምርጥ ነው። ፍላክ እንዲሆን፣ የማመሳከሪያ ሪፖርቱም አብሮ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የስሞቹ አጻጻፍ ግን እንደ እናንተ ምርጫ አይመጣም፤ ይህን አስቡበት።

ስሞቹ

አብዛኛው የሙዚቃ ሲዲ የዘፈኖቹን ስም በውስጡ አልያዘም። ፕሮግራሙ የሚያየው የትራኮቹን ብዛትና ርዝመት ነው፤ በዚያ መሠረት ኢንተርኔት ላይ ካለ ቋት ስሙን ይፈልጋል። ሚውዚክብሬይንዝ ክፍት የሆነውና የታወቀው ነው። ለታወቁ አልበሞች በደንብ ይሠራል። ላልታወቁት ግን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ሳይሆን ገና ሲዲው እጃችሁ ላይ እያለ ሥሩት። ፍላክ ማንኛውንም ፊደል ይቀበላል። የአንድን ዘፋኝ ስም ግን አንዴ በአንድ ዓይነት፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ዓይነት ከጻፋችሁት ፕሮግራሙ ሁለት ሰው አድርጎ ያስቀምጠዋል። የብዙ ዘፋኞች ስብስብ በሆኑ አልበሞች ላይ ደግሞ "የአልበም አርቲስት" የሚለውን ቦታ ሙሉ፤ አለዚያ አንዱ አልበም አሥራ ሁለት ቦታ ይበታተናል። በኋላ ለማረም ፒካርድ ወይም ኤምፒ3ታግ የሚባል ፕሮግራም ይበቃል።

ማስቀመጫና ማጫወቻ

ለሙዚቃ ተራ ሃርድ ዲስክ በቂ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ፣ የድምፁን ጥራት አይጨምርም፤ ዝምተኛና ፈጣን መሆኑ ብቻ ነው ጥቅሙ። ለኤስኤስዲ የምታወጡትን ገንዘብ ለሁለተኛ ዲስክ አውሉት። አንዱን ተጠቀሙበት፤ ሁለተኛውን ኮፒ አድርጋችሁ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰማ ከሆነ ናስ (NAS)፣ ማለትም ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ለሁሉም ፋይል የሚያካፍል የዲስክ ሣጥን፣ ጥሩ ነው። ያንኑ ፋይል በሁለት ዲስክ የሚያስቀምጥ ናስም ቢሆን ባክአፕን፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂን፣ አይተካም፤ በስህተት የጠፋ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል።

ለማጫወት ዊንዶውስ ላይ ፉባር2000 ወይም ሚውዚክቢ፣ ሊኑክስ ላይ ስትሮቤሪ አለ። ከስልክም መስማት ከፈለጋችሁ ናቪድሮም ወይም ጄሊፊን ኮምፒውተሩን እንደ ራሳችሁ የሙዚቃ ማሠራጫ ያደርጉታል። ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ውጫዊ መሣሪያ፣ ከኮምፒውተሩ ሹል ድምፅ ወይም እዝዝታ ከሰማችሁ ይጠቅማል። ካልሰማችሁ ገንዘቡን ለስፒከር ወይም ለጆሮ ማዳመጫ አውሉት፤ ልዩነቱ እዚያ ይበልጥ ይሰማል።

ከየት ይጀመር?

ለሙከራ ጥቂት ሲዲዎችን ብቻ ገልብጡ። በኮምፒውተሩም በስልኩም አጫውቷቸው፤ ስሞቹና ሽፋኖቹ እንደፈለጋችሁት መምጣታቸውን እዩ። ከዚያ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዱትን ("የተቃጠሉ" የሚባሉትን) ሲዲዎች አስቀድሙ። እነዚህ መረጃውን የሚይዙት በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ቀለሙ በብርሃንና በሙቀት ይደክማል፣ ሌላ ቅጂም ላይኖራቸው ይችላል። ከፋብሪካ ታትመው የወጡት ትንሽ ቢቆዩ ይታገሳሉ። ስታጸዱ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ፤ ዙሪያውን አትሹት። ጽሑፍ ባለበት ፊት በኩልም ተጠንቀቁ፤ ድምፁን የያዘው ስስ ንጣፍ የሚገኘው ከዚያ ጽሑፍ ሥር ነውና፣ በዚያ በኩል የተጫረ ሲዲ በምንም አይጠገንም።