ዌብሳይት የምታሰሩ ሰዎች፣ ቀሪውን ክፍያ ገና አትልቀቁ

«በሁሉም ብሮውዘር ይሰራል» ተብሎ ያሰራሁት ዌብሳይት አይፎን ላይ ትዕዛዝ አይቀበልም ነበር። የርክክቡ ዕለት ግን እንከን አልነበረውም። ዴቨሎፐሩ ላፕቶፑን ከፍቶ ክሮም ላይ አሳየኝ። መስኮቱን በማውዝ አጥብቦም «ስልክ ላይ እንዲህ ነው የሚታየው» አለኝ። ስልክ ግን የጠበበ ላፕቶፕ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ትዕዛዝ ላክ» የሚለው ቁልፍ ገጹ ግርጌ ላይ ነው ያለው። ገጹ ደግሞ የስክሪኑን ሙሉ ቁመት እንዲይዝ፣ ወደ ላይም እንዳይንሸራተት ተደርጎ ተሰርቷል። የአይፎኑ ብሮውዘር ሳፋሪ ያንን ቁመት የሚያሰላው አድራሻ የሚጻፍበት አሞሌ እንደተሰበሰበ ቆጥሮ ነው። አሞሌው ሲዘረጋ ቁልፉ ከስሩ ይደበቃል። ደንበኛው ፎርሙን ሞልቶ ይጨርስና የሚጫነው ያጣል።

ለዴቨሎፐሩ ስነግረው መጀመሪያ «ካሽ አጥፋ» አለኝ፤ ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የቆየ የገጹን ቅጂ ማለቱ ነው። ቀጥሎ «እኔ ጋ ይሰራል» አለ። በመጨረሻ «ደንበኞችህን ክሮም ጫኑ በላቸው» አለኝ። ይሄ ውሃ አያነሳም። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በአውሮፓ ህብረት ውስጥ ሌላ የብሮውዘር ሞተር (ገጹን አንብቦ የሚያሳየው የውስጥ ፕሮግራም) ቢፈቅድም፣ አብዛኛው ዓለም ላይ የአይፎን ክሮም ከውስጥ የሚሰራው በሳፋሪው ሞተር፣ በዌብኪት ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ ችግሩ ያው ነው። ለማስተካከያውም «ተጨማሪ ስራ ነው» ብሎ ሌላ ክፍያ ጠየቀ። ውሉ «ዘመናዊ ብሮውዘሮች» ነው የሚለው፤ እሱ ክሮምን ብቻ አስቦ ነበር።

ለሰሪዎቹም ፍርድ እንስጥ። ሁሉም ብሮውዘር ላይ አንድ ፒክስል ሳይዛነፍ ይምሰል ማለት የማይሆን ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ድጋፉን ላቆመለት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 በነጻ ስሩልኝ ማለትም ያስቃል። መልኩ ትንሽ ቢለያይ ግድ የለም፤ ስራው ግን መሰራት አለበት።

ስለዚህ ውሉ ላይ በስም አስጽፉ፦ ክሮም፣ ሳፋሪ፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፤ የትኞቹ ቨርዥኖች፣ ስልክ ላይና ኮምፒውተር ላይ። ከርክክብ በኋላ የሚገኝ ብልሽት እስከ መቼ በነጻ እንደሚታረምም ይጻፍ። ርክክቡ ላይ የሰሪውን ላፕቶፕ ተዉት። ሊንኩን አንድ አይፎንና አንድ አንድሮይድ ላይ ራሳችሁ ክፈቱ። የሙከራ ትዕዛዝ እስከ መጨረሻው ላኩ። ትዕዛዙ ከሁለቱም ሲደርሳችሁ ቀሪውን ክፈሉ።